«ተመስገን» ከማለት እስከ ማየት፦ ችግር ባልተለየው ቤት የምስጋና ልምምድ

«እንዴት አደርክ?»

«ተመስገን፣ ደህና።»

ይህን ስንለዋወጥ የምንውል ሕዝብ ነን። መላሹ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አድሮ ይሆናል፤ የኪራይ ቀን ደርሶበት፣ ልጁ አልጋ ላይ ውሎበት ይሆናል። መልሱ ያው ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ይቅር የሚባልም አይደለም። ነገር ግን በቀን ሃያ ጊዜ የሚባል ቃል ውሎ አድሮ አፍ ብቻውን የሚለው ቃል ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ያዘነን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲውል ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ጭንቀቱን መናገር ሲጀምር «ተመስገን በል፣ ጤና አለህ» ከተባለ ጆሮው የሚሰማው «ከዚህ በላይ አታውራ» የሚለውን ነው።

እዚህ የምናብራራው ምስጋና ሌላ ነው። ችግሩን ከቦታው ሳያነሱ፣ በዚያው ቀን የተደረገን መልካም ነገር ለይቶ ማየትና ዝርዝሩን መጻፍ ነው። ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ደጋግመው የፈተኑት፣ ጥቅሙም ገደቡም የታወቀ ልምምድ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር፣ እናቱን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልስ አንድ አስታማሚ በሐሳባችን እንያዝ። እጥበቱ ራሱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መንገዱና ወረፋው ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ገንዘቡ ያሳስበዋል፣ ሲጠብቅ የዋለበት አግዳሚ ወገቡን ያመዋል፣ ሥራ ቦታ ፈቃድ መጠየቅ አሳፍሮታል። ለዚህ ሰው «አመስግን» ሲባል ምን እንዲያደርግ ነው?

መልካሙ ነገር ለምን አይታየንም?

ሠላሳ ሁለት ጥርስ ካለው ሰው አንዱን ሲያመው፣ የቀሩት ሠላሳ አንዱ ጤነኛ መሆናቸው ትዝ አይለውም። ይህ ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ አእምሯችን የተሠራው እንዲህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ2001 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ክፉ ወሬ፣ ክፉ ቃልና ክፉ አጋጣሚ እኩል መጠን ካለው መልካም ነገር ይልቅ ጠልቆ ይገባል፣ ቆይቶም ይለቃል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። መልካም ነገር ያመለጠው ሰው ነገ ሌላ ያገኛል፤ አደጋ ያልታየው ሰው ግን ነገን ላያይ ይችላል። ስለዚህ ዓይናችን አደጋን ሳንጠይቀው ይፈልጋል። መልካሙን ግን ካልላክነው አይፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት መልመድ ነው። ውኃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ የቧንቧው ድምፅ ብቻ ቤቱን በሙሉ ያስነሳል፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ይሞላል። በሳምንቱ ቧንቧው ይከፈታል፣ እጅ ይታጠባል፣ ይዘጋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምፕቤል በ1971 ይህን የሰው ጠባይ ሲገልጹ፣ የተሻለ ነገር ስናገኝ ደስታችን ከፍ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ወደነበረበት እንደሚመለስ ጽፈዋል። ለአስታማሚውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ወር ያስለቀሰው የነርሷ ደግነት በስድስተኛው ወር የተለመደ ነገር ይሆንበታል፤ የእናቱ ሕመም ግን በየቀኑ አዲስ ነው። ልምምዱ የሚያስተካክለው ይህን መዛባት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ምን ያህል ይጠቅማል?

ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክላው በ2003 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ከፈሉ። ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንደኛው ቡድን ያመሰገነባቸውን እስከ አምስት ነገሮች፣ ሁለተኛው ያበሳጩትን፣ ሦስተኛው እንዲሁ የገጠመውን ጻፈ። ምስጋና የጻፉት ስለ ሕይወታቸው ያላቸው ስሜት የተሻለ፣ ለሚመጣው ሳምንትም ተስፋቸው የጎላ ነበር። ይህ ግን ጤነኛ ወጣቶች ላይ የታየ ነው። ለእኛ የሚበልጠው የዚያው ጥናት ሦስተኛ ክፍል ነው፦ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ያለባቸው፣ ሕመማቸው ነገም አብሯቸው የሚያድር ሰዎች ለ21 ቀን በየቀኑ ጻፉ። ሕመሙ አልጠፋም። የእንቅልፍ ሰዓታቸው ግን ረዘመ፣ ሲነሱም የበለጠ ያረፉ ሆነው ተሰማቸው፤ ለውጡንም የትዳር ጓደኞቻቸው ሳይቀሩ አስተዋሉት።

በ2005 ደግሞ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ሰዎች ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በቀኑ ደህና የሄዱ ሦስት ነገሮችን ከነምክንያታቸው እንዲጽፉ አደረጉ። የደስታ ስሜታቸው መጨመርና የድብርት ምልክታቸው መቀነስ እስከ ስድስት ወር ተከታትሎ ታየ። ከሳምንቱም በኋላ ማንም ሳያዛቸው የቀጠሉት ናቸው የበለጠ የተጠቀሙት።

ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። ዴቪድ ክሬግና ጄኒፈር ቺቨንስ በ2021 በ3,675 ሰዎች ላይ የተሠሩ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ልምምዱ በድብርትና በጭንቀት ምልክቶች ላይ ያለው ውጤት አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል። መድኃኒትን ወይም የባለሙያ ምክርን አይተካም። «ምስጋና ሁሉን ይፈውሳል» የሚል ቪዲዮ ያየ ሰው፣ እጥበት ያቆመች እናት ወይም መድኃኒቱን የጣለ ወንድም ቤቱ ካለ፣ ይህን ቁጥር ይወቀው።

አጻጻፉ

ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም ስልኩ ሲከፈት መልእክቱም ዜናውም አብሮ ይከፈታል፣ ለአሥር ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ምንም ሳይጽፍ ይተኛል። መጻፍ የማይችል ሰው ለልጁ ነግሮ ያስጽፍ፣ ወይም በድምፅ ይቅዳው። በልብ ብቻ ማሰብ ግን እምብዛም አይዘልቅም፤ ሐሳብ ወዲያው ወደ ነገው ወጪ ይሸሻል። ቃል ፍለጋው ነው ሐሳቡን ይዞ የሚያቆመው።

ሰዓቱ ከመኝታ በፊት ቢሆን ይሻላል። አሌክስ ዉድና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ ምስጋና የሚቀናቸው ሰዎች የተሻለ የሚተኙት ትራስ ላይ ሆነው የሚያወጡትና የሚያወርዱት ነገር ስለሚለይ ነው። የሌሊት ተረኛ ጠዋት የሚተኛ ከሆነ ጠዋት ይጻፍ። ዋናው ነገር ከእንቅልፉ ጋር መጠጋቱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሌሊቶች በየቀኑ ጻፉ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ስንመክር የምናሳንሰው ለሰነፎች ብለን አይደለም። ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ በ2005 ለስድስት ሳምንት አንዱን ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ ሲያስጽፉ፣ ደስታቸው የጨመረው በሳምንት አንዴ የጻፉት ነበሩ። ሲበዛ ግዴታ ይሆናል፣ እጅ ያው የለመደውን ይጽፋል። ቡና በሚፈላበት ቤት ለሳምንቱ ቀን የተመቸ ቦታ አለ፦ አቦልና ቶናው ወሬው ይውሰደው፣ በረካው ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ከሳምንቱ አንድ ነገር ያንሳ። ሦስተኛው ስኒ ስሙም የበረከት ነው፤ ታላላቆች የሚመርቁትም ያኔ ነው።

አሁን ወደ ገጹ። ልምምዱ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አስታማሚው በመጀመሪያው ሌሊት የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ስለ ቤተሰቤ አመሰግናለሁ። ስለ ጤናዬ አመሰግናለሁ። እናቴ በሕይወት ስላለች አመሰግናለሁ።»

ሐሰት የለበትም። ግን ትናንትም፣ የዛሬ ዓመትም ሊጻፍ የሚችል ነው፤ በአራተኛው ሌሊት ይሰለቻል፣ በስድስተኛው ደብተሩ ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያለውን ከእሱ ጋር አስተያዩት፦

«ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ትንሹ ወንድሜ ማንም ሳይጠራው ሻማ አብርቶ መጣና እናቴ ክኒኗን ቆጥራ እስክትውጥ አጠገቧ ይዞላት ቆመ። ሰሙ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ እጁን አልሰበሰበም። ለምን ሆነ? ባለፈው ሳምንት በጨለማ ክኒን ስትሳሳት አይቷት ነበር።»

«ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውኃ መጣ። ጎረቤታችን በር አንኳኩተው ቀሰቀሱኝ፤ ሦስት ጀሪካን ሞላሁ። ለምን ሆነ? ዛሬ የእጥበት ቀናችን መሆኑን ያውቃሉ። የራሳቸውን ሳይቀዱ ነው መጀመሪያ እኛን የቀሰቀሱት።»

«ስንመለስ እናቴ ታክሲው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ነፋሱ ፊቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፍና ‹እሰይ› አለች። ለምን ሆነ? ረዳቱ ‹እማማ ይቅደሙ› ብሎ ሰልፉን ስላስቆመልን።»

ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። ሰዓት አለ፣ ዕቃ አለ፣ የሰው እጅ አለ። ሁሉም የሆነው ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው በማግሥቱ ሲውል ሳያውቀው ዓይኑ ይፈልጋል፤ ማታ የሚጽፈው ስለሚያስፈልገው ረዳቱ ሲናገር ይሰማዋል። ጥቅሙ ከደብተሩ ይልቅ በዚህ ቀኑን ሙሉ በሚሠራ ፍለጋ ውስጥ ነው።

«ለምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ አትዝለሉት። መልሱ አንዳንዴ የሰው ደግነት ነው፣ አንዳንዴ የፈጣሪ ስጦታ፣ አንዳንዴ ደግሞ የራስ ድካም። አስታማሚዎች ይህን ሦስተኛውን ሲጽፉ ያፍራሉ። «ዛሬ ወረፋው ላይ አልተቆጣሁም፤ ከቤት ስወጣ ቁርስ በልቼ ስለወጣሁ» ብሎ መጻፍ ትዕቢት አይደለም፤ ነገም ቁርስ በልቶ እንዲወጣ ያስታውሰዋል።

ዝርዝር ለምስጋና አዲስ ነገር እንዳይመስለን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚያውቁትን ጸሎተ አኮቴት (የምስጋና ጸሎት) ልብ በሉት። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው) ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ አቅርቦናል፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናል፣ አጽንቶናል፣ «እስከ ዛቲ ሰዓት» አድርሶናል። ግስ በግስ ላይ ነው፤ ሰዓቱም ይህች ሰዓት ናት። ሙስሊሙም አንድ የተለየ በጎ ነገር ሲደርስለት፣ ወይም ከአንድ የታወቀ ጉዳት ሲተርፍ፣ ስለዚያ ነገር ሱጁደ ሹክር (የምስጋና ስግደት) ይወርዳል። ደብተሩ ከጸሎቱ ቦታ አይሻማም። የሚጸልይ ሰው እነዚህን ግሦች በራሱ ቀን እየሞላ ሊጽፋቸው ይችላል፦ ዛሬ ከምን ሰወረኝ? ማንን ልኮ ረዳኝ?

ገጹ ሲሰለች ደግሞ አንድ ሌላ መንገድ አለ፦ ነገሩ ባይሆን ኖሮ ብሎ ማሰብ። ሚንክዩንግ ኩና ባልደረቦቿ በ2008 እንዳሳዩት፣ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችሉ የነበረበትን መንገድ የጻፉ ሰዎች፣ እንዴት እንደተገናኙ ከጻፉት ይልቅ በትዳራቸው ረክተው ተገኙ። አስታማሚውም «ያ የሥራ ባልደረባዬ ማክሰኞ ማክሰኞ ተራዬን ባይሸፍንልኝ ኖሮ» ብሎ ይጀምርና ሦስት አራት መስመር ይሂድበት። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። የሚጨነቅ ሰው ደጋግሞ ካደረገው ወደ ፍርሃት ሊዞርበት ስለሚችል ይተወው።

«ግን»ን ከገጹ ማውጣት

በችግር ውስጥ ያለ ሰው ሲያመሰግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ታማለች፤ ግን ተመስገን፣ የሚያሳክማት አለ።» ችግሩ ያለው «ግን» ላይ ነው። «ግን» ከኋላው ያለውን ያነግሣል፣ ከፊቱ ያለውን ይሽራል። ስለዚህ ጸሐፊው ሕመሙን በገዛ እጁ የሻረው ይመስለዋል፣ ውስጡም አይቀበለውም። በግልባጩ ቢጻፍም ያው ነው፦ «የሚያሳክማት አለ፤ ግን ታማለች» ሲል መልካሙ ይሻራል።

መፍትሔው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፎ በመካከላቸው አራት ነጥብ ማድረግ ነው። «እናቴ ዛሬ ከእጥበት ስትወጣ መቆም አቅቷት ነበር። ነርሷ ጫማዋን ጎንበስ ብላ አጠለቀችላት።» ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ሌላውን አይከፍልለትም፣ አያስተካክለውም።

ለዚህም ሲባል ገጹ ከላይ «ዛሬ የከበደኝ» በሚል አንድ ወይም ሁለት መስመር እንዲጀምር አጥብቀን እንመክራለን። ሁለት መስመር፣ ከዚያ ሦስቱ መልካም ነገሮች። የከበደው ቦታ ካላገኘ ሦስቱንም እያቋረጠ ይገባል፤ ገጹን ሙሉ ከተሰጠው ደግሞ ልምምዱ ብሶት መጻፍ ይሆናል። ብሶት መጻፍ የራሱ ጥቅም አለው፤ ለእሱ ሌላ ቀንና ሌላ ገጽ ይሰጠው።

«የባሰ አለ» ምስጋና ነው?

«የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» እንላለን። ሐኪም ቤት ተቀምጦ «የዚያችን ልጅ እናት አየህ? እሷ እኮ አልጋም አጥታለች» ማለት የተለመደ መጽናኛ ነው። ለአፍታ ያሳርፋል። ለምስጋና መሠረት ሲሆን ግን አይቆምም፤ ምክንያቱም ደስታዬ የቆመው በሌላው መከራ ላይ ነው። ያች ልጅ ነገ አልጋ ብታገኝ ምስጋናዬ ምን ይሆናል? ደግሞም ወደ ታች ማየት የለመደ ዓይን ወደ ላይ ማየትንም ይለምዳል፤ ጠዋት በባሰው የተጽናና ሰው ማታ የጎረቤቱን አዲስ መኪና አይቶ ይከፋዋል። ደብተሩ ላይ የሌላ ሰው መከራ እንደ መለኪያ አይግባ። ያችን ልጅ ካሰብናት ሻይ እንውሰድላት።

ውለታ ሌላ፣ ምስጋና ሌላ

በአማርኛ «ውለታ» ብርቱ ቃል ነው፤ የተዋለለትን የረሳ «ውለታ ቢስ» ይባላል። ስለዚህም ብዙ ሰው ምስጋናንና ዕዳን አንድ ያደርጋቸዋል። ፊሊፕ ዋትኪንስና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳገኙት፣ ሰጪው ምላሽ ይጠብቃል ብለን ባሰብን መጠን የዕዳ ስሜታችን ይጨምራል፣ ምስጋናችን ይቀንሳል። ለሕክምናው ገንዘብ የሚልክ አጎት በየስልኩ «እኔ ባልኖር» የሚል ከሆነ፣ ስሙን ሲጽፉ ደረት መጨነቁ የልብ ክፋት አይደለም፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። ያን ቀን ስሙን አለመጻፍ ይቻላል። ወይም የተደረገውን ለይቶ መጻፍ፦ «የዚህ ሳምንት እጥበት ተከፈለ።»

አንዳንድ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ የለውም። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ፓስፖርቷን የያዘባት አሠሪ «እያበላንሽ ነው፣ አመስግኚ» ሲላት የሚጠይቃት ዝምታን ነው። ደመወዝ፣ ዕረፍትና ፓስፖርት መብት እንጂ ስጦታ አይደሉም። የሚመታ ባል ያልመታበት ቀንም በምስጋና አይመዘገብም፤ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰውን ከሚጎዳው ቦታ ጋር ያስረዋል። በእነዚህ ገጾች ላይ የሚጻፈው ስልኳን ሰጥታ ያስደወለቻት የፎቁ ልጅ፣ በር የከፈተች ጎረቤት ናት። እነዚያ ስሞች ለመውጫም ይጠቅማሉ።

መቼ ይቁም?

ሐዘን ገና ትኩስ ሲሆን ደብተር አይሰጥም። ሰው የሞተበት ሰው በለቅሶው ቀናት «ሦስት መልካም ነገር ጻፍ» ቢባል ቁስሉን መርገጥ ነው። ያን ጊዜ የሚጠቅመው ሌላ ሰው እንዲጽፍለት ነው፦ ንፍሮ ማን ቀቀለ፣ ማን አብሮ አደረ፣ ከዕድሩ ማን ድንኳን ሲተክል በዝናብ ቆመ። ሐዘንተኛው ያን ጊዜ አያይም፣ አይሰማም። አርባው ካለፈ በኋላ፣ ሲጠይቅ፣ ወረቀቱ ቢሰጠው ያነበዋል።

ሌላው ድብርት ነው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ልብ የከበደው፣ ይወደው የነበረ ነገር የጠላበት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ የተዛባ፣ ራሱን የሚወቅስ ሰው ገጹን ከፍቶ ምንም ሲያጣ «ማመስገን እንኳ የማልችል» ብሎ ሌላ ወቀሳ ይጨምርበታል። ማየት ያቃተው ስለታመመ ነው። ደብተሩን ዘግቶ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂድ፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው። ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ካለ ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው መንገርና ብቻ አለመሆን፣ ወዲያውም ሕክምና መሄድ ነው። አስታማሚዎች ይህን ለራሳቸው ማንበብ ይረሳሉ፤ ታማሚዋ እናት ናት ብለው።

ለሰውየው መንገር

ስንት ሰው ነው የተመሰገነው የሕይወት ታሪኩ በቀብሩ ላይ ሲነበብ? በቁሙ ቢሰማው ምን ነበር?

በሴሊግማን የ2005 ጥናት ውስጥ ሰዎች በወጉ ላላመሰገኑት ባለውለታ ደብዳቤ ጽፈው በአካል ሄደው ሰጡ። ከተሞከሩት ሁሉ ወዲያው ጎልቶ የታየው ለውጥ ይህ ነበር፤ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ደብዝዟል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አንድ ሰው መምረጥ ያዋጣል። አብዛኞቻችንን የሚያስቀረን እፍረት ነው፦ «ምን ይለኛል? ገንዘብ ሊጠይቅ ነው ይለኝ ይሆን?» አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ በ2018 ደብዳቤ ላኪዎችንም ተቀባዮችንም ጠይቀው፣ ላኪዎች የተቀባዩን መሸማቀቅ አብዝተው፣ ደስታውን ደግሞ አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይተዋል።

ለደብዳቤው አንድ ሉክ ይበቃል። ያደረጉልኝ ምን ነበር፣ መቼና የት፤ ያን ጊዜ እኔ በምን ሁኔታ ላይ ነበርኩ፤ እርስዎን ምን እንዳስከፈለዎት አሁን የገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ በእኔ ላይ ምን ቀረ። «እግዜር ይስጥልኝ» መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቃሉ «እኔ መክፈል አልችልም፣ ስለ እኔ እሱ ይክፈልልኝ» ማለት ስለሆነ፣ ምን እንዳልተከፈለ ከተነገረ በኋላ ሲመጣ ክብደቱ ይሰማል። ከሰውየው ጋር አገር የሚለያያችሁ ከሆነ በድምፅ መልእክት ላኩት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። በዚያው መልእክት ውስጥ ሌላ ጉዳይ አታንሱ፣ ብድርም፣ ሰነድም፣ ዕቃ መላክም። ያ ለሌላ ቀን ነው። ተቀባዩ መልስ ባይሰጥ ቅር አይበላችሁ፤ አንዳንዱ ብቻውን ሆኖ ደጋግሞ ይሰማዋል እንጂ መልሱ አይወጣለትም።

ምንም የማይመጣበት ሌሊትም አለ። እጥበቱ መሃል ላይ ተቋርጦ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ቤት ሲደርሱ መብራት የለም። ያን ሌሊት ቀኑን ብቻ ጽፋችሁ፣ «ዛሬ የከበደኝ» የሚለውን ሁለት መስመር ሞልታችሁ፣ ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር ትታችሁ ዝጉት። መስመሮቹን በግድ አትሙሏቸው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሳችሁ ስታነቡት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ደረጃው ላይ የእናትን ክንድ የያዘ አንድ የማታውቁት ሰው ትዝ ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ በባዶው መስመር ላይ፣ በሌላ ቀለም ቢሆንም፣ ጻፉት።